የትኛው መደብ እንደሚደርሰን ሳናውቅ

የመስቀል ቅርጫ ተከፋፍሎ ሰው ሁሉ ድርሻውን ይዞ ከገባ በኋላ ሁለት ዘመዳሞች በረንዳ ላይ ተቀምጠው የተነጋገሩት ነው። መምህሩ ለረጅም ዘመን ሥነ ዜጋ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ናቸው። አዋላጇ የእህታቸው ልጅ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። «ሰው ምርጫ ቢሰጠው በምን ዓይነት ዓለም መኖር ይወዳል?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ለምኞት ያህል ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ነገሩን ተሠርቶ እንደሚያልቅ ሥራ አድርገው ተነጋገሩበት፤ ለአንባቢ ላቀርበው የወደድኩትም ለዚህ ነው።

አዋላጇ፦ ጋሼ፣ ሥጋው ሲከፋፈል ቆሜ እያየሁ ነበር። ሚዛን አላመጣችሁም። ግን «የእኔ አነሰ» ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም።

መምህሩ፦ ሚዛን ምን ያደርጋል? የሚመድበው ሰው የትኛው መደብ ለራሱ እንደሚደርስ አያውቅም እኮ። አስተውለሽ ከሆነ ሻኛው ለብቻው፣ ጭቅናው ለብቻው፣ ፍሪምባው፣ ጎድኑ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ሁሉ እየተቆራረጠ በየመደቡ ላይ ተጨመረ። አንዱ ላይ አጥንት በዝቶ ከታየ ከሌላው ሙዳ ተነሥቶ ተካካሰ። ከዚያ እያንዳንዳችን ምልክት ሰጠን። እኔ ቁልፌን፣ ጎረቤቴ የክብሪት ቀፎ፣ ሌላው ስባሪ እንጨት። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ አንዳንድ አስቀመጠ። በቃ፣ አለቀ። ያ የሚመድበው ሰውዬ ለሌላው ክፉ መደብ ቢያዘጋጅ ለራሱ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ ከልቡ ይመድባል።

አዋላጇ፦ ደግ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ዕጣውን ስለማያውቅ ነው ማለትዎ ነው?

መምህሩ፦ ደግም ሊሆን ይችላል። ጥሩነቱ ግን አሠራሩ ደግነቱን አለመጠበቁ ነው። ይኸውልሽ፣ ይህንኑ ነገር አንድ አሜሪካዊ ፈላስፋ፣ ጆን ሮልስ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ትልቅ መጽሐፍ አድርጎ ጽፎታል። ሰዎች ገና ሳይወለዱ ተሰብስበው የሚኖሩበትን አገር ሕግ ሊጽፉ ነው እንበል ይላል። ፊታቸው ላይ መጋረጃ ተጋርዷል። ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ሀብታም ይሁኑ ደሃ፣ ጤነኛ ይሁኑ አካል ጉዳተኛ፣ ምን ሃይማኖት እንደሚኖራቸው፣ በየትኛው ትውልድ እንደሚወለዱ አያውቁም። በዚህ ሁኔታ ተስማምተው የሚፈርሙት ሕግ የትኛው ነው? ፍትሕ ማለት እሱ ነው ይላል።

አዋላጇ፦ ምን ብለው የሚፈርሙ መሰለው?

መምህሩ፦ ከሁሉ በፊት የህሊና፣ የመናገር፣ የመምረጥ ነጻነት ለሁሉም እኩል ይሁን ይላሉ። የትኛው እምነት እንደሚደርሰው ያላወቀ ሰው የትኛውንም እምነት የሚያሳድድ ሕግ አይፈርምም። ቀጥሎ ሹመትና ሥራ ለሁሉም በእኩል ዕድል ክፍት ይሁን። ሀብት ሊበላለጥ ይችላል፤ ነገር ግን መበላለጡ የሚፈቀደው ከሁሉ በታች ያለውን ሰው የሚጠቅም ሲሆን ብቻ ነው። ሮልስ የደረሰበት ይህ ነው።

አዋላጇ፦ ሰውየው ራሱ የት ተወለደ? እንዲህ የሚያስብ ሰው አንድም በጣም ደልቶታል፣ አለዚያም አንድ ነገር ደርሶበታል።

መምህሩ፦ ሁለቱም። ባልቲሞር ከተማ፣ ከጠበቃ ቤት ተወለደ። ልጅ ሳለ ዲፍቴሪያ ያዘው። ከእሱ የተጋባበት ታናሽ ወንድሙ ሞተ፣ እሱ ዳነ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የሳንባ ምች ታመመ፤ ሌላው ታናሽ ወንድሙ ከእሱ ተጋብቶበት ሞተ፣ እሱ አሁንም ዳነ።

አዋላጇ፦ ወይ እናት! ሁለት ልጅ… እኔ ጋሼ፣ ዲፍቴሪያን በዓይኔ ያየሁት በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ላይ ነው። ዛሬ ልጅ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ከምንወጋው ፔንታቫለንት ውስጥ አለ። ስድስት፣ አሥር፣ አሥራ አራት ሳምንት፤ ሦስት ጊዜ። ለሳንባ ምችም ክትባት አለን። የሮልስ ወንድሞች ዛሬ የእኔ ጤና ጣቢያ ጥግ ቢወለዱ ኖሮ ሁለቱም የመትረፍ ዕድላቸው ሰፊ ነበር። ያን ጊዜ ግን የጠበቃ ልጅ መሆን አላዳናቸውም።

መምህሩ፦ ይህን እንኳ አስቤው አላውቅም።

አዋላጇ፦ እርስዎ መጋረጃ የሚሉትን እኛ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ በየቀኑ እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ እዚህ አገር ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 ጥናት 59 ሆነ። ጤና ተቋም መጥተው የሚወልዱት ያን ጊዜ ከ100 እናቶች አምስቱ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ የሕፃናቱ ጉብዝና አልጨመረም። ያው ራቁቱን የሚመጣ ልጅ ነው። የተለወጠው የሚመጣበት ዓለም ነው። በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተቀመጡ፣ አምቡላንስ ወረዳ ድረስ ገባ፣ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ገጠር ወረደ።

መምህሩ፦ 59ም ቢሆን እኮ ብዙ ነው።

አዋላጇ፦ ብዙ ነው እንጂ! የእያንዳንዱን እናት ፊት ላየ ሰው በጣም ብዙ ነው። ልንገርዎ፣ ለእኔ ከሁሉ የከበደችው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት። ልጁ ወጥቶ ካላለቀሰ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አጥብቄ አደርቀዋለሁ፣ ጀርባውን አሻሻለሁ። ካልተነፈሰ አንገቱን አቃንቼ በማስኩ አየር እሰጠዋለሁ፤ ደረቱ ከፍ ማለቱን አያለሁ። ያ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። በዚያች ደቂቃ «የማን ልጅ ነው?» የሚል የለም። የባለሀብት ይሁን፣ የለማኝ ይሁን፣ አባቱ ይታወቅ አይታወቅ፣ አሠራሩ አንድ ነው። ከዚያ ሲያለቅስ እናቱ ደረት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዷን ባሏ በመኪና ይወስዳታል፣ አንዷ ልጇን አዝላ ሁለት ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች። እኔ መኖር የምወደው ያች የመጀመሪያ ደቂቃ የምትረዝምበት ዓለም ውስጥ ነው።

መምህሩ፦ እስከ መቼ ትርዘም? ዕድሜ ልክ?

አዋላጇ፦ ዕድሜ ልክ አላልኩም። ሰው አድጎ ሲሠራ ይለያያል፤ ሰነፉና ትጉሁ አንድ ይሁን አልልም። ግን ከአንድ ደረጃ በታች የሚወድቅ ሰው አይኑር።

መምህሩ፦ እንግዲያው ከሮልስ ይልቅ ከተማሪዎቹ ጋር ነሽ።

አዋላጇ፦ ከየትኞቹ?

መምህሩ፦ ፍሮሊክና ኦፐንሃይመር የሚባሉ ሁለት ምሁራን ነገሩን በሰው ላይ ሞክረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1992 በመጽሐፍ አወጡት። በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖላንድ ተማሪዎችን በትናንሽ ቡድን አስቀመጡ። ደመወዝ የሚከፋፈልበትን ሕግ ተወያይታችሁ በአንድ ድምፅ ምረጡ፤ ከዚያ ማን የትኛው የገቢ ደረጃ ላይ እንደሚወድቅ በዕጣ ይወሰናል፤ ክፍያውም እውነተኛ ገንዘብ ነው ተባሉ። አራት ምርጫ ነበር። አንደኛው የሮልስ ነው፤ የታችኛው ሰው ድርሻ በተቻለ መጠን ከፍ ይበል። ሁለተኛው ስለ ታችኛው ሳይጨነቁ የሁሉም አማካይ ይደግ የሚል ነው። ሦስተኛው አማካዩ ይደግ፣ ነገር ግን ማንም ከዚህ በታች እንዳይወርድ ወለል ይኑር ይላል። አራተኛው ደግሞ በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ርቀት ይገደብ የሚል። አብዛኛው ቡድን ሦስተኛውን መረጠ። የሮልስን የመረጠ የለም ማለት ይቻላል።

አዋላጇ፦ አየህ ወይ… ይቅርታ ጋሼ፣ አዩ ወይ! ሰው ዕጣውን ሳያውቅ ሲቀር የሚፈልገው ይህን ነው። ይሥራ፣ ይክበር፣ ግን ከእግሩ በታች ወለል ይኑረው።

መምህሩ፦ ክርክራቸው የከረረው ግን ወለሉ ምን ያህል ከፍ ይበል በሚለው ላይ ነበር። እኔም ክፍል ውስጥ ይህን ሳነሣ ተማሪ የሚጨቃጨቀው እዚያ ላይ ነው። አንዱ እንጀራና ውሃ በቂ ነው ይላል፣ ሌላው ሐኪምና ትምህርት ቤት ይጨምራል።

አዋላጇ፦ እኔ ሐኪሙን እጨምራለሁ። እንጀራ በልታ ደም እየፈሰሳት የሞተች እናት አይቻለሁና።

መምህሩ፦ የሮልስ የሥራ ባልደረባ የነበረው ሮበርት ኖዚክ ግን እ.ኤ.አ. በ1974 ተነሥቶ ተከራከረው። ሀብት ባለቤት የሌለው ሆኖ አልተገኘም፤ እያንዳንዱ ነገር አንድ ሰው ሠርቶ ወይም ገዝቶ ያመጣው ነው፤ አመጣጡ ንጹህ ከሆነ እንደ ገና ሰብስባችሁ አትመድቡት ይላል። ለነጋዴ ብትነግሪው እሱን ነው የሚደግፈው።

አዋላጇ፦ እውነት አለው፤ የሰው ላብ የሰው ነው። ግን ያ ነጋዴ ለመነገድ የበቃው በልጅነቱ ሌላ ሰው ከፍሎ ስላስከተበው፣ ሌላ ሰው ባስገነባው ትምህርት ቤት ስለተማረ ነው። የራሱን ላብ ሲቆጥር ያንንም ይቁጠር። በዚህ ብዙ አልከራከርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቅርጫው ውስጥ የሌሉትስ?

መምህሩ፦ ያላዋጡት?

አዋላጇ፦ ያላዋጡትም፣ ገና ያልመጡትም። ዕጣው የሚጣለው ገንዘብ ባዋጡት መካከል ነው። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ የምታይ አንዲት ሴት ነበረች፤ መደብ አልነበራትም። ያ የሚመድበው ሰውዬ እንከን የለሽ ሥራ ሠርቷል። እሷ ግን በሂሳቡ ውስጥ የለችም።

መምህሩ፦ በኋላ ሰጥተናታል።

አዋላጇ፦ ሰጥታችኋታል። የእናንተን ደግነት ጠብቃ አገኘች ማለት ነው። ቅድም «አሠራሩ ደግነትን አይጠብቅም» ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

መምህሩ፦ ገባኝ። በዚህ ላይ የመሬትን ነገር እንይ። ከዚያ የበለጠ ትምህርት የለንም። ድሮ በብዙ ቦታ ጭሰኛው የምርቱን እኩሌታ ወይም ሢሶ ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። ሕጉን የያዘው ሰው የሚደርሰውን መደብ አስቀድሞ ያውቃል። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. አደባባይ ወጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31/1967 ታወጀ፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተባለ። ገበሬ ማኅበሩ በገመድ እየለካ ደለደለ። በብዙ ቦታ ማንም እንዳይጎዳ ለሙ ከለሙ፣ መካከለኛው ከመካከለኛው፣ ጠፉ ከጠፉ እየተቆረጠ ለሁሉም ተዳረሰ። ልክ እንደ ሻኛውና እንደ ጎድኑ።

አዋላጇ፦ ለዚህ ነው እንዴ የገበሬው ማሳ እዚህም እዚያም የተበጣጠሰው?

መምህሩ፦ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። እኩልነቱ ዋጋ አለው። ገበሬው በአንድ ቀን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው በሬ እየነዳ ይውላል። እኔ ያንን ዋጋ ከጭሰኝነት እመርጣለሁ። ጭሰኝነትን የሚያውቅ ሁሉ ይመርጣል ብዬ አምናለሁ። የከፋው ሌላ ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. እንደገና ድልድል ሲደረግ፣ በቀድሞው ሥርዓት የቀበሌ ሹም የነበሩ «ቢሮክራት» ተብለው፣ ሌሎችም «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብለው ተለዩ፤ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ይዞ መቆየት ይችል ነበር። እዚህ ላይ መጋረጃው ተቀደደ። የሚመድቡት ሰዎች የትኛው መደብ ለማን እንደሚሄድ ስም ዝርዝር ይዘው ነበርና። የድሃውን ድርሻ ማሳደጉ ተገቢ ነው። በስም መርጦ መቀነስ ግን ዕጣ አይደለም፣ ቂም ነው።

አዋላጇ፦ እኔ ደግሞ ስለ ሌላው ልናገር። ከዚያ ድልድል በኋላ የተወለዱትስ? እናቶቻቸው የወለዷቸው መሬቱ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። ከአባታቸው ማሳ ላይ ትንሽ ሸርፎ ካልተሰጣቸው፣ ወይም በእኩል ካላረሱ፣ የሚይዙት የላቸውም። ሊያገቡ አይችሉም፣ ቤት ሊሠሩ አይችሉም። ብዙዎቹ ወደ ሰሊጥ ማሳ ለቀን ሥራ ይወርዳሉ፣ አለዚያም አገር ጥለው ይሄዳሉ። ሮልስ «በየትኛው ትውልድ እንደሚወለዱ አያውቁም» ያለውን ሲነግሩኝ እነሱ ናቸው የታወሱኝ። ድልድሉን ያወጡት ሰዎች «ልጄ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢወለድስ?» ብለው ቢሆን ኖሮ ምን ይጽፉ ነበር?

መምህሩ፦ ምናልባት ከመሬት ይልቅ ሥራ የሚፈጥር ነገር ላይ ያተኩሩ ነበር። ወይም ለሚመጣው የሚቆይ የጋራ መሬት ይተዉ ነበር። አንድ የተስተካከለ ነገር ግን አለ፤ በኋላ በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተደረገ። በፊት ሴቲቱ መሬቱ ላይ ስትሠራ ኖራ፣ ጋብቻው ሲፈርስ ባዶ እጇን ልትወጣ ትችል ነበር።

አዋላጇ፦ ያች ትንሽ ፎቶ ሥራ ትሠራለች ጋሼ። ምጥ ላይ ሆና «ከፈታኝ የት እገባለሁ» የምትል ሴት ሰምቼ አውቃለሁ። እንግዲህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑንም እንይ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ነው ዛሬ አገር ውስጥ የተስፋፋው። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፣ ሲታመም ሳይከፍል ይታከማል። ከቅርጫው የሚለይበት አንድ ነገር አለው። መክፈል የማይችሉትን ማኅበረሰቡ ራሱ መርጦ ያስመዘግባል፣ መዋጮአቸውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ደብተራቸው ከሌላው ደብተር አይለይም። በሩ ላይ የቆመችው ሴትዮ መደብ አገኘች ማለት ነው።

መምህሩ፦ ይሠራል?

አዋላጇ፦ ይሠራል፣ መድኃኒቱ ሲኖር። መድኃኒቱ ከፋርማሲያችን ሲያልቅ ደብተሩን ይዛ የመጣችውን ሴት «ከውጭ ግዢ» እላታለሁ። ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ወለሉ በወረቀት ላይ አለ፤ እግሯ ሲያርፍበት ግን የለም። ሕግ መጻፍ ግማሽ መንገድ ነው።

መምህሩ፦ ሮልስም ቢሆን ተቋም ካልቆመ ፍትሕ የለም ነው የሚለው።

አዋላጇ፦ እኔ ግን ከእሱ የምለይበት አንድ ነገር አለ። መጋረጃው ጀርባ ሆነው የሚያስቡት ሁሉ የሚያስቡት በራሳቸው ጭንቅላት ነው። የተማረ ወንድ ምንም ያህል «ወላድ ብሆንስ?» ብሎ ቢያስብ የማይገምተው ነገር አለ። እናቶች ለረጅም ጊዜ ጤና ጣቢያ አንወልድም ሲሉ አላዋቂነት ነው ይባል ነበር። ብንጠይቃቸው ግን ምክንያት ነበራቸው። ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባቸው ተንጋልለው እንዲያምጡ ይገደዳሉ፣ እናታቸው በር ላይ ትቀራለች፣ ከወለዱ በኋላ ገንፎ የለም፣ ቡና የለም። እኛ ጣቢያ ገንፎ የሚገነፋበት ክፍል ተለየ፣ ቡና ተፈላ፣ እናት ከልጇ ጋር ገባች። ከዚያ በኋላ መምጣት ጀመሩ። ይህን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ያሰበው ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ተናግረው ነው የመጣው።

መምህሩ፦ አንቺ እንግዲህ ማሰብ አይበቃም፣ ሰውየው ራሱ ይቀመጥ ነው የምትይው።

አዋላጇ፦ አዎ። ክፉው መደብ የሚደርሰው ሰው ሲመደብ እዚያው ይቁም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሰው ሁሉ በስብሰባ ላይ መገኘት አይችልም፣ ያልተወለደ ልጅ አይናገርምና ማሰቡ አይቅር። መናገር የሚችለውን ግን በማሰብ አንተካው።

መምህሩ፦ ይህን ስትዪ ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ያሉት ልጆቻችን መጡብኝ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አደረገ። ያንን አንቀጽ የጻፈ ሰው አንድም ቀን የሌላ ሰው ኩሽና ውስጥ ተኝቶ እንደማያድር ያውቃል። ከፋላ በሚሉት አሠራር ደግሞ የልጅቷ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ማዳም ካልፈቀደች ቤት መለወጥ አትችልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ደመወዝ ሳይከፍሉ እየጫኑ ቤይሩት ባለው የእኛ ቆንስላ በር ላይ አራገፏቸው። ፍራሽና ሻንጣቸውን ይዘው አስፋልት ላይ ሲያድሩ በቴሌቪዥን አየሁ። የዓለም ሕግ በዕጣ ቢጻፍ ኖሮ፣ የማዳምን ወይም የሠራተኛዋን መደብ ሳያውቅ ያንን አንቀጽ የሚፈርም ማን አለ?

አዋላጇ፦ ማንም። ግን ጋሼ፣ ቤይሩት ድረስ ለምን እንሄዳለን? የእኛ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለግል አገልግሎት የሚደረግ ቅጥርን ይመለከታል?

መምህሩ፦ አይመለከትም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ያወጣዋል፤ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል። የፊተኛው አዋጅም እንዲሁ ነበር።

አዋላጇ፦ ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1946 ሊባኖስ ውስጥ የተጻፈው በ2011 ዓ.ም. እዚህ በእኛ ቋንቋ ተጽፏል። የሥራ ሰዓቷ፣ የሳምንት ዕረፍቷ፣ የወሊድ ፈቃዷ በአዋጁ ውስጥ የለም። እኔ ጋ የምትመጣው እርጉዝ ሠራተኛ «ከወለድኩ በኋላ የምገባበት የለኝም» ትለኛለች። ከተባረረችበት ቤት ስም አልጠይቃትም። ቤይሩት ላለችው ልጃችን ያለቀስን ሁሉ እዚህ ኩሽናችን ውስጥ ላለችው ምን አደረግን? ከገጠር መጥታ፣ ማታ ትምህርት ቤት ለመማር ተስማምታ ገብታ፣ አንድ ቀን ሳትማር ዓመት የሚያልፍባትን እርስዎም ያውቃሉ።

መምህሩ፦ አውቃለሁ። በዚህ ሰፈር አሉ።

አዋላጇ፦ የእድራችሁ ደንብስ ምን ይላል? የአባል እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ የባል እህት፣ የሚስት ወንድም ሲሞት ምን ያህል እንደሚከፈል ተዘርዝሯል አይደል? በዚያው ቤት አድራ የምትነሣው ልጅ ብትሞትስ?

መምህሩ፦ አልተጻፈችም። ደንቡ የጸደቀው እኔ ጸሐፊ ከመሆኔ በፊት ነው፤ የአባልን ዘመድ ይቆጥራል። እሷ ዘመድም አይደለችም፣ አባልም አይደለችም። ድንኳን እንኳ የሚተከልላት በአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ነው።

አዋላጇ፦ አሁንም በደግነት!

መምህሩ፦ አሁንም። እድርን ግን እንዲህ አቃልለሽ አትዪው። ይህች አገር ካፈራችው ነገር ሁሉ ሮልስን የሚቀርበው እሱ ነው። ሞት ማን ቤት ቀድሞ እንደሚገባ ማንም ስለማያውቅ ሁሉም እኩል ያዋጣል፤ ሀብታሙም ደሃውም አንድ ድንኳን፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብረት ድስት ይወጣለታል። ይህን መንግሥት አላስተማረንም፣ ከውጭ አገርም አልመጣም። ስለዚህ ብንሰፋው የሚሰፋ ነገር ነው።

አዋላጇ፦ እንግዲያው ያስፉት። ጸሐፊ እኮ ነዎት።

መምህሩ፦ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በሰፈሩ ቤቶች ተቀጥረው የሚኖሩ ሴቶች በአቅማቸው መዋጮ በራሳቸው ስም አባል ይሁኑ። የታመመች ወይም የወለደች እንደሆነ ከመጠባበቂያው ይሰጣት። ሁለተኛ፣ ደንቡን የሚያሻሽል ኮሚቴ ሲመረጥ ከእነሱ ሁለት ይግቡበት።

አዋላጇ፦ አሠሪዎቹ አይቆጡም?

መምህሩ፦ አንዳንዱ ይቆጣል። «ቤቴ ውስጥ ገባችሁብኝ» የሚል አይጠፋም። እኔ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ የልጅ ልጅህ ነገ የሰው ቤት ሠራተኛ ብትሆን ይህን ደንብ ትፈርማለህ?

አዋላጇ፦ ጉባኤው መቼ ነው?

መምህሩ፦ እንደ ወትሮው እሁድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

አዋላጇ፦ ጠዋትማ እነሱ የእናንተን ምሳ ይሠራሉ።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ፣ ወደ ከሰዓት ይዛወራል። ማስታወቂያውንም በየቤቱ ለአባወራው ሳይሆን ለልጅቷ በእጇ ነው የምንሰጣት። አንቺ ደግሞ ወደ ሥራሽ ስትመለሺ ለጓደኞችሽ ንገሪ፤ ይህን የሰማ ሁሉ የእድሩን፣ የመሥሪያ ቤቱን፣ የትምህርት ቤቱን ደንብ አውጥቶ ስሙ ያልተጻፈውን ሰው ይፈልግ፣ ሲያገኘውም ለቀጣዩ ስብሰባ ይጥራው።